የሙፊድ ሰሃን

ሹዓይብ በየማለዳው፣ እንግዶቹ ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ፣ ባሕር ውስጥ ይገባና የሪዞርቱን ምግብ ቤት ከውጭ ያጥባል። ምግብ ቤቱ ያለው ከውኃው በታች ነው። ጣሪያውም ግድግዳውም ወፍራም መስታወት ነው፤ ሰው ጠመዝማዛ ደረጃ ወርዶ ይገባና ዓሣ እያየው ዓሣ ይበላል። መስታወቱ ሁለት ቀን ሳይታጠብ ካደረ አረንጓዴ ያበቅላል፤ እንግዳ ደግሞ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ የመጣው አረንጓዴ ግድግዳ ለማየት አይደለም።

የዚህ ነገር ጥቅም ለኪሊፉሺ ሰዎች እስከ ዛሬ አልገባቸውም። “ደረቅ መሬት ላይ እህል አልወርድ አላቸው እንዴ?” እያሉ ይስቃሉ። ኪሊፉሺ ከሪዞርቱ በጀልባ ሃያ ደቂቃ የምትርቅ የሹዓይብ ደሴት ናት። ከጎልማሶቿ የግማሾቹ እንጀራ ከዚሁ ከሪዞርቱ ስለሆነ የሚስቁትም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

ሹዓይብ ግን ስቆ አያውቅም። ከጣሪያው ይጀምራል፣ ጎኖቹን ይዞራል፣ በምሥራቅ በኩል መስታወቱ ከአሸዋው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲደርስ ግን ብሩሹን ያነሳና ያልፋል። እዚያ ታች አንዳንድ ማለዳ ይንኳኳል። ሦስት ጊዜ፣ ድንጋይ ድንጋይ ሲመታ እንደሚሰማው፤ ከዚያ ዝም። የመስታወቱ ማቀፊያ ብረት ነው የሚንቋቋው፣ ይላል ለራሱ። ቀንድ አውጣ የሚሰብር ዓሣ ነው፣ ይላል። ዓሣ ሁልጊዜ ሦስት ላይ እንደማያቆም ግን ያውቃል። ለማንም አልተናገረም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል፤ ሆዱም ፈጅቶት አልጨረሰውም።

በስምንት ሰዓቱ ጀልባ ቤቱ ሲመለስ እናቱ ዙለይካ ምሳ አቅርባ ትጠብቀዋለች። ማዕዱ ላይ ሦስት ሰሃን አለ። አንዱ የእሷ፣ አንዱ የእሱ፣ ሦስተኛው ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ፣ አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ የተላጠ የብረት ሰሃን ነው። እሱ የታናሽ ወንድሙ የሙፊድ ነው። ሙፊድ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሃያ አራት ዓመቱ ባሕር ሄዶ አልተመለሰም። ባዶ ጀልባው በማግስቱ ሌላ ደሴት ዳር ተገኘ።

በኪሊፉሺ ባሕር የቀረ ሰው ሰሃኑ ከማዕድ አይነሳም። ሲሞት ያየ ሰው መጥቶ እስኪመሰክር ድረስ እንደ ማንኛውም የቤተሰቡ አባል ይቀርብለታል። ምግቡ አይጣልም፤ በዕድሜ የሚቀርበው ወንድም ወይም እህት ይበላለታል፣ የትም ቢሆን እንዳይርበው። ምስክር የተገኘ ቀን ሰሃኑ በአፉ ይደፋል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይበላበትም። ሰውየው ይለቀስለታል፣ የጀናዛ ሰላት ይሰገድበታል፣ የሰው ሁሉ ልብ ያርፋል።

የሙፊድን ምሳ ዘጠኝ ዓመት የበላው ሹዓይብ ነው። የሁለት ሰው የሚበላ ሰው ይወፍራል፤ እሱ ከዓመት ዓመት እየከሳ ሄደ። “ሐዘኑ ነው” ይላሉ ጎረቤቶች። አልተሳሳቱም፤ ግማሹን ነው ያወቁት። የደሴቲቱ ኢማም ሁለት ጊዜ መጥተው፣ “ዙለይካ፣ ዓመታት አለፉ፤ በሌለበት እንስገድበት፣ አንቺም ይውጣልሽ” ብለው ለምነዋታል። ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ሰጥታ ሸኘቻቸው።

“ያየ ይምጣና ይንገረኝ” አለቻቸው። “ባላየ ሰው አፍ ልጄን አልቀብርም።”

ሹዓይብ ሁለቱንም ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ነበር።

በዝናቡ ወር እንግዳ ሲቀንስ ሪዞርቱ የሠራተኞቹን ቤተሰብ አንድ ቀን እዚያ ታች ምሳ ይጋብዛል። ዙለይካ ስምንት ዓመት ሙሉ እንቢ አለች። “ባሕር ልጄን ውጦ እኔ ደግሞ ሆዱ ውስጥ ገብቼ ልብላ?” ትል ነበር፤ ሹዓይብም በልቡ ተመስገን ይላል። ዘንድሮ ግን ሮሺ ቂጣዋን እያገላበጠች፣ ፊቷን ሳታዞር፣

“ስንት ሰዓት ነው ጀልባው?” አለችው።

“የምን ጀልባ?”

“የምሳው ነዋ። እሄዳለሁ።”

“እማ፣ አንቺ እኮ እንቢ ብለሽ…”

“ብዬ ነበር። ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ረሳኸው? ዓይኔ ከዚህ ዓመት አያልፍም። እስከዛሬ ልጄን ከላይ ከላይ ነው የፈለጋችሁት። ባሕር ከላይ ይታያል እንዴ? ከላይ የሚታየው ሰማይ ነው። አንድ ጊዜ ከውስጥ ልየው።”

“ደረጃው ብዙ ነው። ጉልበትሽ…”

“ጉልበቴ አንተንም ወንድምህንም ተሸክሟል። ወይስ አፍረህብኝ ነው?”

እሺ አለ።

ቀኑ ደረሰ። ዙለይካ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ አንድ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ጀልባው ላይ ወጣች። መሐል መንገድ ላይ ሹዓይብ ጥቅልሉን ነካ አደረገና ምን እንደሆነ ጣቱ ነገረው።

“እማ፣ እዚያ ሰሃን ሞልቷል እኮ።”

“የእሱ የለም” አለች።

ደረጃውን አንድ በአንድ ወረደች። ታች ደርሳ ቀና አለች። ራሷ ላይ ባሕር ነው፤ ፀሐይዋ ከላይ ትንቀጠቀጣለች፣ ዓሣው መንጋ መንጋ ሆኖ ያልፋል። ሌሎቹ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እየጠሩ፣ እየተጯጯሁ ፎቶ ይነሳሉ። አስተናጋጁ አሽፋግ፣ የጎረቤታቸው ልጅ የነበረና አሁን የሦስት ልጆች አባት የሆነ ቀልደኛ ሰው፣ ክንዷን ይዞ መራት።

“እማማ፣ ምርጡን ቦታ ነው ያስቀመጥኩላችሁ። ያን ግንባረ ሰፊ ዓሣ አዩት? የዘወትር ደንበኛችን ነው። ቀጠሮ አይዝም፣ ምግብ አያዝም፣ ሰው ሲበላ አፍጥጦ ማየት ብቻ።”

“አንተም ልጅ ሆነህ እንደዚሁ ነበርክ” አለችው። “ምሳ ሰዓት እበሬ ላይ ነበር የምትቆመው።”

አሽፋግ ከት ብሎ ሳቀ። ሹዓይብ ግን ቦታውን ሲያይ ቆመ። በምሥራቅ በኩል፣ የመጨረሻው ጠረጴዛ ነበር።

“እዚያኛው አይሻልም?” አለ።

“ምነው ወንድሜ፣ ከዚህ የሚበልጥ የት አለ?” አለ አሽፋግ ወንበሩን እየሳበ።

ተቀመጡ። ዙለይካ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወለሉ ላይ አሳረፈች። “ይቀዘቅዛል” አለች። ከዚያ ጥቅልሉን ፈትታ ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ሰሃን በባዶው ወንበር ፊት አስቀመጠች። አሽፋግ የኪሊፉሺ ሰው ነውና አልጠየቀም፤ ቀልዱን ትቶ ለሦስት ሰው ሩዝ፣ ጋሩዲያ የሚሉትን የቱና መረቅ፣ ሎሚና ቃሪያ አቀረበ።

ዙለይካ ብዙም አልበላችም። ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ውጭ ውጭውን ታያለች። ዓይኗ የሚያየው ጥላ ጥላውን እንደሆነ ሹዓይብ ያውቃል፤ እሷ ግን ከአንዱ ጥላ ወደ ሌላው እየተሻገረች በትዕግሥት ትፈልጋለች። አንድ ትልቅ ነገር ሲያልፍ ከወንበሯ ትነሳና ዓሣ መሆኑ ሲገባት ትቀመጣለች። እግርሽ ሥር ነው እኮ፣ እግርሽ ሥር ነው እኮ፣ እያለ በልቡ ሹዓይብ ምላሱን ነከሰ።

ያኔ ተንኳኳ።

ሦስት ጊዜ። በጆሮው ሳይሆን በጫማው በኩል አልፎ ወደ ጉልበቱ ወጣ። እናቱን ቀና ብሎ አያት። ሎሚ ትጨምቅ ነበር። በሌሎቹ ጠረጴዛዎች ሰው ይስቃል።

“በል እንግዲህ” አለች፤ የሙፊድን ሰሃን በየቀኑ እንደምታደርገው ወደ እሱ ገፋ አደረገችው። “ሳይቀዘቅዝ የወንድምህን ብላለት።”

እጁ ወደ ሰሃኑ ሄደና መንገድ ላይ ቀረ።

“አልበላም” አለ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም። ሎሚውን አስቀመጠች።

“አመመህ?”

“አላመመኝም። እዚህ… እዚህ አልችልም፣ እማ።”

“እዚህ ምን አለ?”

ሹዓይብ ወለሉን አየ። እሷም ዓይኗን ከመስታወቱ አንስታ ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ ዞረች።

“ሹዓይብ፣ እዚህ ምን አለ?”

ሰው ዘጠኝ ዓመት ያመቀው ነገር ሲወጣ በወግ አይወጣም። መጀመሪያ ስለ ቢላው ነው የተናገረው። የአባታቸው ቢላ፣ እጀታው ጥቁር የሆነው። ይህ ምግብ ቤት ወደ ባሕሩ የወረደ ቀን ጠላቂዎቹ ስድስት የደሴቲቱ ልጆች ነበሩ፤ ሹዓይብም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቃ ተብሎ ተሹሟል። ክሬኑ ቤቱን በወፋፍራም ገመድ ይዞ ውኃው ውስጥ አንጠልጥሎታል፤ እነሱ ደግሞ ከሥሩ ቤቱ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ ጠርገው ወጡ። ሹዓይብ ጀልባው ላይ ወጥቶ ወገቡን ሲዳብስ ቢላው የለም።

“‘የአባባ ቢላ ታች ቀረ፤ በቃ ከነነፍሱ ሊቀበር ነው’ አልኩ” አለ። “ሙፊድ የአየር ሲሊንደሩን አውርዶ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር። ‘ምን ያስለቅስሃል፣ የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነው’ አለኝ። የሚቀልድ መሰለኝ። ጀርባዬን ሰጠሁት።”

“ያለ ሲሊንደር ገባ” አለች ዙለይካ። መጠየቋ አልነበረም። የኪሊፉሺ ሰው ለአምስት ሜትር ሲሊንደር አይሸከምም፤ አባታቸው ያስተማራቸው በትንፋሽ ነው።

“ክሬኑን የሚያሠራው ፈረንጅ ከላይ ሆኖ ‘ሁሉም ወጥቷል?’ አለኝ። ቆጠርኩ። እዚያ የሚቆጠረው ሲሊንደር ነው፤ የወጣ ሲሊንደር የወጣ ሰው ነው። ስድስት ተደርድሯል። ‘ሁሉም ወጥቷል!’ ብዬ ጮህኩ። አወረዱት።”

ዙለይካ ዝቅ ብላ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገለጥ አደረገችና ባዶ እግሯ ያረፈበትን ወለል አየችው። እግሯን አላነሳችም። ቀስ አድርጋ፣ ሕፃን የምታባብል ይመስል፣ በውስጥ እግሯ ወለሉን ዳሰሰችው።

“ጀልባውስ?” አለች።

“እኔ ነኝ የፈታሁት። ለጠላቂዎቹ በሌላ ጀልባ ቀድሞ ሄደ አልኳቸው። ማታ ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ አልኳችሁ። እኔ ነኝ።”

እንባው ያለ ድምፅ ይወርዳል። ዙለይካ እጇን ዘረጋች። ሹዓይብ የምትመታው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ፤ እጇ ግን ጉንጩ ላይ አረፈ።

“የቆጠራ ስህተት ነው” አለች፤ ድምጿ እየተሰበረ። “ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ። ይህን ተሸክመህ ነው የእሱን ስትበላ የኖርከው? አይ ልጄ! ምነው በነገርከኝ። ምነው ያን ጊዜ ተቃቅፈን ባለቀስን።”

ሹዓይብ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ፈታ ሲል ተሰማው። ዘጠኝ ዓመት ያላገኘው ትንፋሽ ነበር። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ከእናቱ ጋር ተደጋግፈው ወደ ቤት ይሄዱ ነበር፤ ኢማሙ ይመጣሉ፣ ይሰገዳል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይወስደው ነበር። እሷ ግን እጇን ከጉንጩ ሳታነሳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። እናት ናትና የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።

“አልተሰቃየም አይደል? ወዲያው ነው አይደል? ያንኳኳ ነበር ባይሆን ኖሮ።”

አባታቸው ያስተማራቸው ይህንንም ጭምር ነው። ታች የተያዘ ሰው ድንጋይ አንስቶ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ ላይ ያለው ይሰማል፣ ይወርድለታል። ዙለይካ እነዚያ ሁለት ልጆች አልጋ ላይ ተኝተው ግድግዳውን እያንኳኩ ሲያሳብዷት ነው የኖረችው።

አላንኳኳም፣ ማለት ይችል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሷል። ለእሷም ሕይወት ነው፣ ለእሱም። የደከመውን ዓይኗን አየው፤ አላንኳኳም እንዲላት እየለመነችው ነበር። ከእግሩ ሥር ያለውን ጠበቀ። ምንም አልተሰማም። ታች ያለው እንደ እሷው መልሱን የሚጠብቅ መሰለው።

“አንኳኳ” አለ።

እጇ ከጉንጩ አልተነሳም፤ ግን ከበደ።

“ሰማኸው?”

“በባዶ እግሬ ነበር የቆምኩት። በጀልባው ወለል በኩል ሰማሁት። ሦስት ጊዜ። ከዚያ እንደገና ሦስት ጊዜ።”

“ገመዱ ተፈትቶ ነበር?”

“አልተፈታም ነበር።”

“ማንሳት ይቻል ነበር።”

“ይቻል ነበር።”

“ወንድምህ ትንፋሹን ምን ያህል እንደሚይዝ ታውቃለህ።”

“አውቃለሁ።”

“አንተ ምን አደረግክ?”

“ሁሉም ያጨበጭቡ ነበር፣ እማ። አለቃ አድርገውኝ ነበር። ‘ሁሉም ወጥቷል’ ብዬ ጮኼ ነበር። ብረቱ ነው የሚንቋቋው አልኩ። እንደዚያ እንዲሆን ፈለግኩ። ‘አንሱት’ ለማለት አፈርኩ። አንድ ደቂቃ ዝም አልኩ፣ ከዚያ ሌላ ደቂቃ፤ ከዚያ… ቆመ።”

ዙለይካ እጇን ከጉንጩ አነሳች። አልጮኸችም፣ ደረቷን አልመታችም። ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ሰሃን በሁለት እጇ ያዘች፣ ቢስሚላሂ አለች፣ ከነሩዙ ከነመረቁ ነጩ ጨርቅ ላይ በአፉ ደፋችው። መረቁ በሰሃኑ ጠርዝ ዙሪያ ወጥቶ ጨርቁን አጨቀየው። የሰሃኑን ጀርባ ጥቂት ዳሰሰችው። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ስሙን ነበር የምትጠራው።

ከዚያ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሻግራ የሹዓይብን ሰሃን ያዘች።

“እማ” አለ።

ቢስሚላሂ አለች። እሱንም በአፉ ደፋችው።

የራሷን ሰሃን ወደ ራሷ ሳበች። ቀዝቅዟል፤ ቢሆንም እያላመጠች፣ ሳትቸኩል፣ ፊቷን ወደ መስታወቱ አዙራ በላች። አሁን ዓይኗ ምንም አይፈልግም ነበር። ሹዓይብ ወለሉ ላይ እግሩን ተክሎ አዳመጠ። አይንኳኳም። ያ ዘጠኝ ዓመት የሸሸው ድምፅ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰማ በሙሉ ልቡ ለመነ። አልተሰማም።

አሽፋግ ከሌላው ጠረጴዛ ሳቁን ሳይጨርስ መጣ። የተደፉትን ሰሃኖች ገና አላያቸውም ነበር።

“እህሳ እማማ ዙለይካ፣ ተበላልን? ሻይ ለስንት ሰው ላምጣ?”

“ለአንድ” አለች።